ሽኩር ለአሚናት የተከለው ደጅ

የውብዳር ከሥራ ስትመለስ አሚናትን የገዛ ወጥ ቤቷ ውስጥ አገኘቻት። አሚናት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ምስር በትሪ ዘርግታ፣ ጠጠር ትለቅም ነበር። የውብዳር ጠዋት ስትቸኩል በሩን ሳትቆልፍ ኖሯል የወጣችው። አሚናት ቀና ብላ አየቻትና እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ከወንበሩ ብድግ አለች።

"ግቢ፣ አረፍ በይ" አለቻት።

የውብዳር ይህን ለጎረቤት ስታወራ ሁልጊዜ በሳቅ ትጀምረዋለች። "በገዛ ቤቴ ግቢ ተብዬ ገባሁ" ትላለች። ሳቋ ግን እስከ ወሬው መጨረሻ አይዘልቅም። ምስሩን አብረው ለቅመው እንደጨረሱ፣ እጇን ይዛ ወደ አሚናት ቤት፣ ወደ አሥራ አንድ ቁጥር እንደወሰደቻት፣ በሩ ላይ ሲደርሱ አሚናት ወደ ኋላ ብላ "ይሄ ደግሞ የማን ቤት ነው?" እንዳለቻት ስትናገር ድምፅዋ ይወርዳል።

ይህ የሆነው በፈረንጆች 1992፣ ዝናቡ በጀመረ ሰሞን ነው።

ቤቶቹ በፈረንጅ አገር፣ ሬኒየር ቢች በሚባል ሠፈር ውስጥ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብለው በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት የቆሙ፣ ባለ አንድ ፎቅ አፓርታማዎች ናቸው። ሃያ አራት በር አላቸው። ሃያ አራቱም ቡናማ ናቸው፤ በእያንዳንዱ በር አጠገብ አንድ ዓይነት መስኮትና አንድ ዓይነት መብራት አለ። በሁለቱ ረድፎች መካከል ያለው ቦታ ጥቁር አስፋልት ነው፤ በነጭ ቀለም ተሸንሽኖ ለየቤቱ አንዳንድ መኪና ማቆሚያ ተሰጥቶበታል። ዝናብ ሲመታው ያብለጨልጫል፤ በበጋ ደግሞ የዋጠውን ሙቀት ወደ መስኮቶቹ ይመልሰዋል። ከጣሪያዎቹ በላይ የሚታዩት ትልልቅ ጥዶች የሌላ ሰው ግቢ ውስጥ ናቸው።

ሽኩርና አሚናትን ወደዚህ ያመጣቻቸው ልጃቸው ነጅዋ ናት። እሷ ኦበርን ውስጥ ካለ ትልቅ መጋዘን ዕቃ ታሽግ ነበር፤ የምትኖረውም እዚያው አካባቢ ነበር። ሽኩር የአፓርታማዎቹ ጥገና ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። የሚያፈስ ቧንቧ ያጠብቃል፣ የተሰበረ መስኮት ይቀይራል፣ አስፋልቱን ይጠርጋል።

በአገሩ፣ በጉራጌ፣ ቤት ሠሪ ነበር። ሰው አዲስ ቤት ሲያስብ አስቀድሞ የሚያማክረው እሱን ነው። ሽኩር ይመጣና ባዶው መሬት ላይ ግማሽ ቀን ይቀመጣል። የጠዋት ፀሐይ በየት እንደሚገባ፣ ውሃ በየት እንደሚወርድ ያያል። ከዚያ ተነሥቶ በሩ የሚሆንበትን ቦታ በተረከዙ ይጭራል። በሩ ሁልጊዜ ወደ ጀፎረ ይዞራል። ጀፎረ ማለት በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል የሚዘረጋ ሰፊ ሣር ነው፤ መንገድም ነው፣ የልጆች መጫወቻም፣ የለቅሶና የሠርግ መቀመጫም። የማንም አጥር አይገፋውም። ከቤቱ ጀርባና ጎን ደግሞ እንሰት ይቆማል። ሽኩር ግድግዳን የመጨረሻ ሥራ ነበር የሚለው። አረንጓዴው ሳይቆም ቤቱ ምኑን ይደገፋል ይላል።

አፓርታማዎቹን መጀመሪያ ያየ ዕለት ለነጅዋ ያላት ነገር እስካሁን ያስቃታል። "ሠሪው ጥሩ ጀምሮ ነበር" አላት፤ "ቤቶቹን ፊት ለፊት አቁሟቸዋል። ምን ያደርጋል፣ ጀፎረው ላይ ሬንጅ ደፋበት።"

የአሚናት መርሳት በትንሽ በትንሹ ነው የጀመረው። መጀመሪያ የዕቃ ስም ጠፋት፤ ቀጥሎ የሰው። ሐኪሙ የአንጎል በሽታ እንደሆነ፣ መድኃኒትም እንደሌለው ተናገረ። ነጅዋ ስታስተረጉም የመጨረሻውን ቃል ዋጠችው፤ ሽኩር ግን ከሐኪሙ ፊት አንብቦታል። አሚናት ዕድሜዋን ሙሉ ከደጅ የዋለች ሴት ናት። ሲዘጋባት መስኮቱን በመዳፏ ትመታለች። ሲከፈትላት ትወጣለች፤ ከወጣች መመለሻው ይጠፋታል። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ደርሳ ስትመለስ ያገኘችውን በር ከፍታ ትገባለች። የዘጠኝ ቁጥሩ ሰውዬ አንድ ቀን ሶፋው ላይ ተኝታ አገኛትና ፖሊስ ጠራ።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤ መጣ። ይዞት የመጣው የአፓርታማዎቹ ማናጀር መልከጸዴቅ ነው፤ አዲስ አበባ ተወልዶ እዚህ የተማረ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ የሚናገር ሰው። ባለንብረቱ እንዲህ ያለ ነገር ሌላ ጊዜ ከተደገመ ቤቱን እንዲለቁ እንደሚያዝ ጽፏል።

ነጅዋ በዚያ እሑድ መጣች። እናቷን አጥባ፣ ፀጉሯን ጎንጉና፣ አባቷን ወደ ውጭ ጠራችው። የአረጋውያን መጦሪያ አይታለች፤ ነርሶች አሉት፣ በሩ ይቆለፋል።

"እናትሽን በቁልፍ?" አላት ሽኩር።

"አባዬ፣ አንተስ እስከ መቼ ከኋላዋ ትሮጣለህ? ሥራህን ብትነጠቅ ቤቱም አብሮ ይሄዳል።"

ሽኩር የፈለገው አንድ ነገር ነበር። አሚናት ከቤት እንዳትወጣ አልነበረም የፈለገው፤ ወጥታ እንድትመለስ ነበር። ይህን ካገኘ ከእሱ ጋር ትኖራለች፤ ካላገኘ ትወሰዳለች። ለነጅዋም እንዲህ ብሎ ነገራት፤ እስከ በጋ ጠብቂኝ አላት።

በመጀመሪያ በሩ ላይ ቀይ ሻሽ አሰረ። አሚናት አላየችውም። ከዚያ ሳህን የሚያህል ወረቀት ለጠፈ፤ እሱንም አላየችው። አንድ ቀን ከልብስ ማጠቢያው ስትወጣ ሳያስታውቃት ከኋላ ተከተላት። አስፋልቱ መሃል ደርሳ ቆመች። ወደ በሮቹ አንድ ጊዜ እንኳ አልተመለከተችም። የምትመለከተው ከበሮቹ በላይና በጎናቸው ነበር፤ አንገቷን አስግጋ በግድግዳዎቹ መካከል አንድ ነገር ትፈልጋለች። ስታጣው ትከሻዋ ወረደና በጣም ወደሚቀርባት በር ሄደች።

ያን ጊዜ ሽኩር የገባውን ነገር ለማንም ባይነግር ኖሮ ኋላ ሥራውን ያየ ሰው ሁሉ አብዷል ባለው ነበር፤ ለየውብዳር ስለነገራት ግን ተረፈ። አሚናት በር አትፈልግም። በአገሯ ቤትን በበሩ የሚለይ ሰው የለም፤ በር የሚታየው ከደረሱ በኋላ ነው። ቤት ከሩቅ የሚታወቀው በዙሪያው በቆመው ነው። የማን እንሰት የት ቦታ ጠቆር ይላል፣ የማን ደጅ ላይ ምን ዛፍ ያዘነብላል፣ ሰው ልጅ ሆኖ የሚማረው ይህን ነው። እሷ እዚህ ስትመጣ ቤቷን አልረሳችም፤ ቤቷን የሚያሳያት ነገር አልነበረም።

"ታዲያ ምን ሊያደርጉ ነው?" አለችው የውብዳር።

"ደጅ ልሠራላት ነዋ።"

በአሥራ አንድ ቁጥር በር ፊት ለፊት የነበረው መኪና ማቆሚያ የራሱ ነበር። ሽኩር ወደ መልከጸዴቅ ቢሮ ሄዶ አስፋልቱን ሊያነሣው እንደሚፈልግ ነገረው።

"ጋሽ ሽኩር፣ እሱ እኮ የእርስዎ ፓርኪንግ ነው" አለው መልከጸዴቅ።

"የኔ ከሆነማ ልቆፍረው።"

"ኖ፣ ኖ። የእርስዎ ነው ማለት መኪና ፓርክ ያደርጉበታል ማለት ነው።"

"መኪና የለኝም።"

"ሶ፣ ወደፊት ይገዛላ።"

"ወደፊት ለምገዛው መኪና ብዬ ዛሬ ያለችኝን ሚስት ልጣ?"

መልከጸዴቅ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለ፤ መልሶ አንከባለለ። በመጨረሻ እሱ ምንም እንዳልሰማ፣ ባለንብረቱ ከመጣ ግን ቦታው መልሶ እንደሚደፈን ተናገረ። "ኦኬ?" አለ። ሽኩር ከወንበሩ ተነሥቶ ትከሻውን ነካው፤ ሌላ ምስጋና አላወቀም።

አስፋልቱን በድጅኖ ለማንሣት አራት ቀን ፈጀበት። ከሥሩ ጠጠር፣ ከጠጠሩ ሥር ግራጫ የሸክላ አፈር ወጣ። አፈሩን በእጁ አፍሶ አሸተተው፤ ምንም አይሸትም። ነጅዋ ከኦበርን አቅራቢያ ፈረስ ከሚያረቡ ሰዎች ፋንድያ በጆንያ እየሞላች በመኪናዋ ታመጣለት ጀመር። አሕመድ የሚባል ሊያገባት የሚፈልግ ወጣት ነበር፤ ከመኪናዋ በወረደ ቁጥር "ሽቶሽ ምንድነው?" እያለ ያበሽቃታል። እሷም ወደ ቤተሰቧ የሚገባ ሰው መጀመሪያ ይህን ሽታ መልመድ አለበት ትለዋለች።

የሚተክለውን ግን ሽኩር አላወቀም ነበር። እንሰት እዚህ ይገኛል ብሎ አላሰበም። በሚያዝያ ወር አጥር የሚሆን ተክል ሊገዛ አንድ ችግኝ መሸጫ ሲገባ፣ ከመስታወት ቤቱ ጥግ፣ በጌጥ አበቦች መካከል ቀይ ቅጠሉን ዘርግቶ ቆሞ አገኘው። ወገቡ ድረስ ይሆናል። ሻጯ የጌጥ ሙዝ ነው፣ ፍሬ አይሰጥም አለችው። ሽኩር ቅጠሉን ከሥር ወደ ላይ በመዳፉ ዳሰሰና ሙዝ አይደለም አላት። ሌላ የሚላት እንግሊዝኛ አልነበረውም። አውቶቡስ ላይ እቅፉ ውስጥ አድርጎ ወሰደው፤ ቅጠሉ የሹፌሩን መስታወት እየጋረደ ሁለት ጊዜ አስቆጣው።

በግንቦት መሬቱ ሲሞቅ ተከለው። በዙሪያው ሣር ዘራ፤ ከመስኮቱ ሥር ጎመንና ጤና አዳም አኖረ። በሩን ምንም አልነካውም። ቡናማ ነበር፣ ቡናማ ሆኖ ቀረ።

አሚናት ያየችው በሐምሌ ነው። የውብዳር ይዛት እስከ ሱቅ ሄደው ሲመለሱ አሚናት እጇን አስለቀቀች። አስፋልቱ መሃል ቆመች፤ አንገቷን አሰገገች። ከዚያ፣ የውብዳር እንደምትለው፣ ዳቦ እሳት ላይ ጥዳ እንደወጣች ሴት፣ ፈጠን ፈጠን እያለች ሄደችና እንሰቱን አልፋ፣ በአሥራ አንድ ቁጥር በር ገባች። ሽኩር በመስኮቱ ውስጥ ያይ ነበር። በሩን እንኳ አልከፈተላትም፤ ራሷ ከፈተችው። ስትገባ ቀና ብላ አየችውና "ዛሬ ሥራ የለህም?" አለችው። ሽኩር ፊቱን አዙሮ ሄዶ የመታጠቢያውን ቧንቧ ከፈተ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሩ። በየመጸው ቅዝቃዜው ሲመጣ ሽኩር ቅጠሎቹን ሰብስቦ ያስራል፤ ግንዱን በገለባና በአሮጌ ብርድ ልብስ ይጠቀልላል። ብርድ ልብሱን የሰጡት ጎረቤቶቹ ናቸው። የዘጠኝ ቁጥሩ ሰውዬ፣ ያ ፖሊስ የጠራው፣ የልጅነቱን ብርድ ልብስ አመጣ፤ መኪኖች የታተሙበት ነበር። በፀደይ ሲፈታ እንሰቱ ከቀድሞው ይበልጥ ወፍሮ ይወጣል። በ1995 በጋ ጫፉ የላይኛውን ፎቅ መስኮት አልፎ ነበር። ዝናብ ሲጥል በቅጠሉ ላይ የሚያሰማው ድምፅ ከአስፋልቱ ድምፅ ይለያል፤ የውብዳር ከፎቅ እየሰማች እንቅልፍ ይወስዳት እንደነበር ታወራለች።

ነገሩም በአሥራ አንድ ቁጥር አላበቃም። የውብዳር ከማቆሚያዋ ግማሹን ሰጥታ ባቄላ ዘራች። የዘጠኝ ቁጥሩ ሰውዬ ሱፍ ተከለ። ከፊት ለፊቱ ረድፍም ሦስት ቤቶች ተከተሉ። መልከጸዴቅ ምንም እንዳላየ በየሳምንቱ እየመጣ ይቆምና፣ አንድ ቀን ለሽኩር የቲማቲም ችግኝ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጥቶት ሄደ። ማታ ማታ ሰው ወንበሩን ይዞ ወደ ሣሩ ይወጣ ጀመር። ስማቸውን ሳይተዋወቁ አምስት ዓመት የኖሩ ሰዎች ውሃ ማጠጫ ጎማ ይዋዋሱ ጀመር። ሽኩር ጀፎረ የሚለውን ቃል ለማንም አልተናገረም። ጠዋት ሲጠርግ ግን የሚጠርገው አስፋልቱን ብቻ አልነበረም፤ ሣሩ ላይ የወደቀውን ቅጠል ጎንበስ ብሎ በእጁ ይለቅማል።

አሚናት የሰው ስም ሁሉ ጠፋት። የነጅዋን፣ ቀጥሎ የባሏን። ቤቷ ግን አልጠፋትም። በቀን አሥር ጊዜ ትወጣለች፤ አሥሩንም ትመለሳለች። ነጅዋ ስለ መጦሪያው ማንሣት ተወች።

በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ የአሕመድ ሽማግሌዎች ሊመጡ ቀን ተቆረጠ። ነጅዋ ለእናቷ መንገር ፈለገች፤ ባትረዳውም እናት ናት አለች። አጠገቧ ተንበርክካ እጇን ይዛ ነገረቻት። "እማ፣ ቅዳሜ እንግዶች ይመጣሉ። ብዙ ሰው ነው።"

አሚናት ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

በማግስቱ ሽኩር ፎቅ ላይ የልብስ እጣቢ የዘጋውን ቧንቧ ሲፈታ የውብዳር ደረጃውን እየሮጠች ወጣች።

"ጋሽ ሽኩር፣ ይውረዱ። አሚናት ጣለችው።"

የቧንቧ መፍቻውን በእጁ እንደያዘ ወረደ። እንሰቱ አልነበረም። አሚናት የእሱን መጋዝ ከዕቃ ሣጥኑ አውጥታ ግንዱን ቆርጣዋለች። ቅጠሎቹ እንደ ምንጣፍ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረው ተዘርግተዋል። አንድ አሮጌ የመደርደሪያ ሳንቃ ግድግዳው ላይ አጋድማ፣ መሬት ተቀምጣ፣ የግንዱን ልጣጭ በአንድ እግሯ ወደ ሳንቃው አጣብቃ፣ በቀለም መፋቂያው ከላይ ወደ ታች ትፍቃለች። ነጩ ጭማቂ ቅጠሉ ላይ ይንቆረቆራል። እጇ አይሳሳትም። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንኪያ ሲሰጣት ወዴት እንደምትወስደው ግራ የሚገባት ሴት፣ አሁን ሳታይ ትፍቃለች፤ ሳታይ ትገለብጣለች። እንግዳ ይመጣል ተብላለች። እንግዳ ለሚመጣበት ቤት ቆጮ የሚያዘጋጀው ማን ነው? እንሰት ወንድ ይተክላል፤ የሚፍቀው ሴት ናት። የሽኩር ድርሻ አልቋል፤ የቀረው የእሷ ነው።

የቆረጠችው ከመሬት በላይ አንድ ክንድ ያህል ትታ ነበር። እዚያ ላይ ብትቆም እንሰቱ ሊተርፍ ይችላል፤ እምብርቱ አልተነካም፣ እንደገና ቅጠል ሊያወጣ ይችል ነበር። ሽኩር ይህን ያውቃል። አሚናት ልጣጩን ጨርሳ ድጅኖውን አነሣች፤ ሥሩን ልታወጣ ነው። ወደ እሷ ሁለት እርምጃ ሄደ።

ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ ንጹሕ ነበር።

"ሽኩር፣ ወንድ እዚህ ምን ይሠራል?" አለችው። "ሂድ፣ ከጎረምሶቹ ጋር ተቀመጥ። ስጨርስ እጠራሃለሁ።"

ጎረምሳ አልነበረም። የውብዳርና የዘጠኝ ቁጥሩ ሰውዬ ናቸው የቆሙት። ሽኩር የቧንቧ መፍቻውን መሬት አስቀመጠ፤ ዞሮ ሄደና ደረጃው ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። እንሰት በሚፋቅበት ቦታ ወንድ አይቆምም። ድጅኖው ሥሩን ሲመታ ድምፁን ይሰማ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠ። የውብዳር አጠገቡ መጥታ ለምን እንደማያስቆማት ጠየቀችው።

ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ መጡ፤ ሣሩ ላይ ተቀመጡ፤ ነገሩም አለቀ፣ ነጅዋ ታጨች። አሚናት የፋቀችውን በቅጠል ጠቅልላ፣ ጉድጓድ ቆፍራ፣ ድንጋይ ጭናበት ነበር። ተክሉ ገና ልጅ ነበር፤ ውሃ እንጂ ቆጮ አልነበረውም። ሽኩር ከሳምንት በኋላ ማንም ሳያየው አውጥቶ ጣለው።

አሚናት እንደገና መጥፋት የጀመረችው በመስከረም ነው። መሃል አስፋልቱ ላይ ትቆማለች፤ ታያለች። አሁን የሌላውም ሰው ደጅ አረንጓዴ ነበር። የባቄላው ሐረግ፣ ሱፉ፣ ቲማቲሙ፣ በሁለቱም ረድፍ። የትኛውም የእሷ አይደለም። ሽኩር ከሥሩ የተረፈውን ቁራጭ እንደ አገሩ ሰንጥቆ፣ ፋንድያ ሞልቶ ቀበረው፤ በአገሩ ቢሆን ከአንዱ ብዙ ቡቃያ ይወጣል። እዚህ ግን የኅዳር ዝናብ ሳይደርስ በሰበሰ። ወደ ችግኝ መሸጫው ሄደ፤ የቀረ አንድ ብቻ ነበር፣ ጉልበት የማይደርስ። ተከለው። አሚናት ረግጣው ልታልፍ ትንሽ ቀራት።

በጥቅምት አንድ ከሰዓት በኋላ ወጥታ አልተመለሰችም። ሽኩር፣ የውብዳር፣ መልከጸዴቅ፣ የሠፈሩ ሰው ሁሉ ፈለጋት። ያገኛት በማግስቱ ጠዋት ውሻውን የሚያንሸራሽር አንድ ሰው ነው፤ ከሠፈሩ አጠገብ ካለ ሐይቅ ዳር፣ መናፈሻ ውስጥ፣ ሰፋፊ ቅጠል ካለው ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጣ፣ ልብሷ በዝናብ ርሶ ከሰውነቷ ተጣብቆ። ሳንባዋ ታመመ። ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኛች።

ነጅዋ እዚያ ኮሪደር ላይ ነው የጠየቀችው። ሰው የነገራትን ለብዙ ቀን ስትሸሽገው ቆይታ ነበር።

"አባዬ፣ እምብርቱ ሳይነካ ደርሰህ ነበር አሉ። ለምን አላስቆምካትም?"

ሽኩር ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዳር ዳሩን ያዞራል።

"ስሜን ጠራችኝ" አላት።

ነጅዋ የመጦሪያውን ወረቀት ስታመጣለት የፈረመው ሽኩር ራሱ ነው።

መጦሪያው ማውንትሌክ ቴራስ የምትባል ከተማ ውስጥ ነው። ከሬኒየር ቢች ሦስት አውቶቡስ ይወስዳል። ሽኩር ማክሰኞና ዓርብ ይሄድ ነበር። መጀመሪያ የሄደ ዕለት ሠራተኛዋ ግቢውን አሳየችው፤ እሱም እንደ ቤት ሠሪ አየው። ክፍሎቹ ሁሉ መሃል ላይ ወዳለ የአትክልት ቦታ ይከፈታሉ። መንገዱ አንድ ብቻ ነው፤ በአበባውና በዛፎቹ መካከል ይዞርና ሰውን መልሶ ከወጣበት ያደርሰዋል። የትም ቢሄዱ መጥፋት የለም። ሽኩር መንገዱን ሁለት ጊዜ ዞረ። ሥራው ጥሩ ነው ብሎ ለነጅዋ ነገራት። ሠሪው አስቦበታል አለ። አጥሩ በአረንጓዴ ሐረግ ስለተሸፈነ ከርቀት አጥር አይመስልም፤ የመውጫው በር ቁጥር ተመትቶ ነው የሚከፈተው፣ ቁጥሩንም የሚያውቁት ሠራተኞቹ ብቻ ናቸው።

በ1996 ፀደይ አንድ ዓርብ ቀን አሚናትን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኛት። ከስታለች፤ ፀጉሯ ግን ተጎንጉኗል፣ ነጅዋ ትናንት መጥታ ነበር። ሰላም ሲላት ለማያውቁት ሽማግሌ እንደሚደረገው ከወገቧ ጎንበስ አለችለት። ቦታ ለቀቀችለት። ጎን ለጎን ተቀመጡ። ብዙ ሰዓት አበባውን ስታይ ቆይታ ወደ እሱ ዞረች።

"አንቱ፣ ባለቤት አለዎት?"

"አለችኝ።"

"እንሰት ተክለውላታል?"

"ተክዬላት ነበር።"

"ስንት?"

"አንድ" አላት።

አሚናት ሳቀች። አፏን በእጇ ሸፍና፣ በሰው ፊት ወንድን ላለማሳፈር እንደምትጥር ሴት፣ ግን ሳቁ አልቆም ብሏት።

"በአንድ እንሰት ሴት ታድራለች እንዴ?" አለችው። "ምን ዓይነት ባል ነዎት። ይሂዱና ይጨምሩላት።"

"እሺ" አለ ሽኩር።

ተቀምጦ ቆየ። ዳመናው ዝቅ ብሎ ነበር፤ አንዲት ሠራተኛ የተሰጡትን ልብሶች ከገመድ ላይ ትሰበስባለች። አሚናት ክርኑን በጣቷ ነካ አደረገችው።

"ይሂዱ እንጂ። ደጅ ደጁን እያየች ነው እኮ።"

የአገሩ ሴት እንዲህ ሁለት ጊዜ ያለችው ወንድ ተቀምጦ አይቆይም። ሽኩር ተነሣ። ኮፍያውን አደረገ፤ ደኅና ይዋሉ አላት፤ እሷም ራሷን ዝቅ አድርጋ መለሰችለት። ወደ መውጫው ሄደና ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው እስኪመጣ ድረስ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ቆመ።